ትንሿን ቮልስ ቆርጦ ለመለወጥ የቱ ይገዛ? ፕላስቲክ፣ ሬዚን ወይስ ዳይካስት

ሞዴል መኪና መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "የቱ ብራንድ ይሻላል?" ብሎ ነው። እኔ መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቦዲው ላይ ምን ልታደርጉበት አስባችኋል? ጣራ ልታወርዱ ነው? የኋላ መስታወቱን ልትቀይሩ ነው? ወይስ ፓራውልቱን አውልቃችሁ፣ ክሮሙን ሞርዳችሁ፣ ፊቷን ዝቅ አድርጋችሁ ቀለም ልትቀቡ ብቻ? ለአንዱ ሥራ ቆንጆ የሆነው ዕቃ ለሌላው ራስ ምታት ነው።

እዚህ የማወራው ስለ ቮልስ ነው፣ ያቺ የድሮዋ ክብ ቮልስ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቅርጿን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል፣ ስለዚህ ስትበላሽም ወዲያው ይነቃል። ደግሞ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተችና ምርቷ ሜክሲኮ ፑየብላ ላይ በ2003 የቆመ መኪና ስለሆነች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሞዴሏ በየመጠኑና በየዓይነቱ ገበያ ላይ አለ።

መጀመሪያ መጠን። እውነተኛዋ ወደ 4.07 ሜትር ትረዝማለች። በ1/24፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ባነሰ ሞዴል፣ ይሄ 17 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል፣ በ1/16 ደግሞ 25፣ በ1/43 ከ10 ያንሳል። አንድ ባለሙያ የእውነተኛዋን ጣራ 10 ሴንቲ ቢያወርድ በ1/24 ላይ የምትቆርጡት 4 ሚሊ ያህል ነው። በ1/43 ግን 2 ሚሊ ብቻ! እዚያ ላይ መጋዝና ሞረድ ይዞ መታገል ለጀማሪ አይሆንም። ስለዚህ ለመቁረጥ ከ1/24 በታች አትግዙ፣ አለቀ።

ፕላስቲክ ኪት

ለከባድ ቦዲ ሥራ የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፣ ብዙም አላመነታም። ምክንያቱ ማስቲሹ ነው። ኪቱ፣ ማለትም ራሳችሁ የምትገጣጥሙት ሞዴል፣ የተሠራው ከስታይሪን (ፖሊስታይሪን ከሚባለው ፕላስቲክ) ነው፣ የሞዴል ማስቲሽ ደግሞ ስታይሪኑን አሟሙቶ ሁለቱን ክፍል አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የቆረጣችሁትን ስትመልሱ መጋጠሚያው እውነት ይዋሃዳል፣ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት ስታስኬዱበት አይላቀቅም። ከመጠን በላይ ቆረጣችሁ? ከስታይሪን ወረቀት ቁራጭ ለጥፋችሁ እንደገና መሞረድ ነው።

ጣራ ማውረድ ላይ ይሄ ነገር ነው ሕይወት የሚያድነው። የቮልስ ጣራ ጠፍጣፋ አይደለም፣ ምሶሶዎቹም ወደ ላይ ሲሄዱ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። 4 ሚሊ ቆርጣችሁ ጣራውን ወደ ታች ስታስቀምጡት ከታች ከቀረው ምሶሶ ጋር አይገጥምም፣ አጥሮና ጠብቦ ይገኛል። ስለዚህ ጣራውን መስቀለኛ አድርጋችሁ አራት ቦታ ትከፍሉታላችሁ፣ ትለያዩታላችሁ፣ መሐሉን በስታይሪን ቁራጭ ትሞሉታላችሁ። አሁን ይሄን ሥራ በዚንክ፣ በዳይካስቱ ብረት ላይ አስቡት። ለዚህ ነው ፕላስቲክ የምለው።

መስታወቱን አትርሱ፣ ጣራው ሲወርድ ኪቱ ውስጥ ያለው ፓራብሬዛ ከጥቅም ውጭ ነው። ደግነቱ የድሮዋ ቮልስ ፓራብሬዛ ጉብጠቱ ትንሽ ስለሆነ ከማንኛውም ጥርት ያለ የዕቃ ማሸጊያ ፕላስቲክ ቆርጦ መተካት ይቻላል። በ1970ዎቹ የመጣችው 1303 የምትባለው ሞዴል ግን የጎበጠ ትልቅ ፓራብሬዛ አላት፣ ጣራ ለማውረድ ካሰባችሁ እሷን እለፏት።

የትኛው ኪት? ታሚያ በ1/24 የ1966ቷን 1300 ይሠራል፣ ሃሴጋዋ በዚያው መጠን የ1967ቷን። ሁለቱም ጃፓኖች ናቸው፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ልጅ እያለሁ ያየኋቸው ዓይነት ቮልሶች እነዚህ ስለሆኑ ትንሽ አዳላለሁ። ሬቬል ደግሞ በ1/16 የ1951/52ቷን አውጥቷል፣ የኋላ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለውን። እሷ ትልቅ ስለሆነች እጅ ይገባታል፣ ግን ቦታም ቀለምም ትበላለች፣ ለ1/24 የተሠሩ ትርፍ ጎማና ቸርኬዎችም አይሆኗትም። የ1/24 ኪት ውጭ አገር ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 40 ዶላር አካባቢ ይገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዓመቷን አይታችሁ ግዙ። ከኋላ የእንቁላል ቅርጽ መስታወት ያላት ቮልስ ከ1953 እስከ 1957 ድረስ ብቻ ናት የተሠራችው። የ1966ቷን ወደዚያ መመለስ ይቻላል፤ መስኮቱን በስታይሪን ደፍኖ ትንሹን መቅደድ ነው። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ግን የፊት መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፓራውልቱም ተለወጠ፣ ፓራፋንጎውም አብሮ ተቀየረ። የድሮ መልክ ከፈለጋችሁ የ68ን ገዝቶ ወደ ኋላ መመለስ ትርፉ ድካም ነው።

ሬዚን ቦዲ

ሬዚን ቦዲ ማለት ሌላ ሰው ቆርጦ፣ ሞልቶ፣ አለስልሶ የጨረሰውን ቦዲ ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ በሚጠነክር ፕላስቲክ (ሬዚን) አባዝቶ ሲሸጥላችሁ ነው። ጣራው የወረደ፣ እንቁላል መስታወት ያለው፣ ባጃ የሚባለው ፊቱና ኋላው የተቆረጠው፣ ሁሉም ይገኛል። ጊዜ የሌለው ሰው ይግዛ። ግን ሒሳቡን በደንብ ሥሩ። የሚመጣላችሁ ቦዲው ብቻ ነው፣ ለሻንሲው፣ ለጎማውና ለወንበሩ ሌላ ኪት መግዛት አለባችሁ። ቦዲው ብቻውን ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ኪት ዋጋ ይነካል፣ ሲብስም ያልፋል።

የሞዴል ማስቲሽ ሬዚን ላይ አይሠራም፣ ሱፐር ግሉ ወይም ኤፖክሲ ብቻ ነው። ቀጭን ምሶሶው እንደ ደረቅ ብስኩት ቀጭ ይላል። ከሻጋታው የሚመጣ ቅባት አለበት፣ በሳሙና ካልታጠበ ቀለሙ ይላጣል። ተጣሞ ከመጣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማቃናት ይቻላል። አቧራው ግን ለሳንባ ክፉ ነው፣ ማስክ አድርጋችሁ በውኃ እያራሳችሁ ብቻ ሞርዱ፤ ልጆች ባሉበት ክፍል ደግሞ ጭራሽ አትሞርዱ።

በቅርብ ጊዜ በ3ዲ የታተመ ቦዲም በዝቷል። ቅርጹ ልክ ይመጣል፣ የኅትመት መስመሩን ማጥፋት ግን የራሱ ሥራ ነው። ፎቶውን አስጠግታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ።

ዳይካስት

ይሄ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ብረቱ ነው፣ በትክክል ለመናገር የዚንክ ቅይጥ። በ1/24 የዌሊና የማይስቶ ቮልሶች ርካሽ ናቸው፣ ተገጣጥመው ነው የሚመጡት፣ በራቸውም ይከፈታል። ልጃችሁ አብሮ መሥራት ከፈለገ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

በካሊፎርኒያ በ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመረውን ካል ሉክ የሚባለውን ስታይል ለመሥራት ዳይካስት ይበቃል። ክሮም የለም፣ ፊቷ ዝቅ ያለ፣ ፓራውልቷ የወለቀ ወይም በቀጭን ብረት የተተካ፣ ቀለሟ አንድ ወጥ። ቦዲውን ከሻንሲው ጋር የያዘውን የታችኛውን የሪቬት ጭንቅላት በድሪል ትበሱታላችሁ፣ ፕላስቲኩን ሁሉ ታወጣላችሁ፣ ቀለሙን በጋራዥ ማስለቀቂያ ትገፉታላችሁ። ቦዲው ላይ አብሮ የተቀረጸውን የክሮም መስመር በሞረድ ማጥፋት ነው፤ ዚንክ ለስላሳ ስለሆነ ይታዘዛል። ያንኑ ማስለቀቂያ ፕላስቲክ ቦዲ ላይ እንዳታስቡት፣ ያሟሟዋል።

ጣራ ማውረድስ? የወርቅ ሠሪ መጋዝ ያለው ሰው ይቆርጠዋል። ችግሩ መመለሱ ነው። በኤፖክሲ ከመለጠፍ ሌላ መንገድ የለም ማለት ይቻላል፣ ያም መቼም አይዋሃድም። ትከሻዬን ስነቀንቅ የሚያዩኝ ሰዎች "ብረት ስለሆነ ጠንካራ ነው" ይሉኛል። ጠንካራነቱ መደርደሪያ ላይ ነው።

ስቱኮውስ?

የሞዴል ስቱኮ በቱቦ የሚመጣው ውድ ነው፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ለጭረት እንጂ ለጉድጓድ አይሆንም። የጋራዥ ስቱኮ፣ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት፣ ቶሎ ይጠነክራል፣ ብዙም አይሰበሰብም። ግን ውስጡ ያለው ፈሳሽ ራሱ ስታይሪን ነው። በስሱ ስትቀቡት ፕላስቲኩን ትንሽ ነክሶ ይይዛል፣ በወፍራሙ ስትደፍኑት ግን ይሞቅና ቦዲውን ያጣምማል። ስሱ፣ ማድረቅ፣ እንደገና ስሱ። ጉድጓዱ ትልቅ ከሆነ ግማሹን በፕላስቲክ ቁራጭ ሙሉት። ፓራፋንጎ እንደ አዲስ መቅረጽ ለሚፈልግ ሚሊፑት የሚባለው ሁለት አካል ኤፖክሲ አለ፤ በውኃ እርጥብ ጣት እያለሰለሱ መሥራት ይቻላል፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

አገር ቤት ላላችሁ፦ ስፕሬይና የሚያሟሙ ማስቲሾች ተቀጣጣይ ስለሆኑ በሻንጣ አይመጡም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ኪቱን፣ ቀጭን መጋዙንና የስታይሪን ወረቀቱን ብቻ አስይዙት። ቀለሙ ከመኪና ቀለም ቤት ይገኛል፣ ግን ቲነሩ ፕላስቲክ ይበላል። መጀመሪያ ፕራይመሩን ከሩቅ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ ርጩ፣ ይድረቅ፣ ሌላ ስስ ድገሙ። ሞክራችሁ የማታውቁት ቀለም ከሆነ ደግሞ ከኪቱ የተረፈው የፕላስቲክ ፍሬም ላይ አስቀድማችሁ ርጩት፤ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ እዚያ ይታያል።