ከጠጠሩ ስር ያለው ሳህን፦ አኳሪየሜ ከስምንት ወር በኋላ

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነሣሁ። መብራት ጠፍቷል። የስልኬን ባትሪ ወደ አኳሪየሙ ሳበራ መስታወቱ ላይ ነጫጭ ክር የሚመስሉ ነገሮች ይንሸራተታሉ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ጭንቅላታቸው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ዓይን የሚመስሉ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉበት። ፕላናሪያ የሚባለው ጠፍጣፋ ትል ነው። ወርቃማ ዓሣዎቼ የጣሉትን እንቁላል ወላጆቹ እንዳይበሉት በመረብ ከልዬው ነበር። ትሎቹ መረቡን አልፈው እንቁላሉ ላይ ሰፍረዋል። ጠዋት የቀረው ባዶ ቅርፊት ነው።

ዕቃው 80 ሊትር የሚይዝ የመስታወት አኳሪየም ነው። ክዳን፣ የአየር ፓምፕና ከጠጠር ስር የሚነጠፍ ቀዳዳ የበዛበት የፕላስቲክ ሳህን አብረውት ይመጣሉ። ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ አስጭኜ ሽምብጥ ያለው ቤቴ አስገባሁት። መስታወቱ ጠንካራ ነው፣ ፓምፑ አይጮህም፣ ለባሕር ዳር አየር ማሞቂያም አላስፈለገኝም። ስለነሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ጉዳዬ ከሳህኑ ጋር ነው። ሻጩ «ይሄ ካለህ ጠጠር ማጠብ ቀረ፣ ራሱን በራሱ ያጸዳል» ብሎኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። አየሩ በቱቦ ወደ ላይ ሲወጣ ውሃውን ከጠጠሩ ስር ይስባል። ውሃው በጠጠሩ መሀል ሲያልፍ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የዓሣውን ቆሻሻ ያጠፉታል። ይህን አልክድም፣ ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ግን ወደ ታች የሚወርደው ውሃ ብቻ አይደለም። የተረፈ ምግብ፣ የዓሣ ኩስ፣ የበሰበሰ ቅጠል ሁሉ ይወርዳል። ሳህኑ ስር ጨለማ ነው፣ ዓሣ አይደርስበትም፣ የማጽጃ ጎማም አይገባበትም። ለዚህ ትል ከዚህ የተሻለ ቤት ከየት ይመጣል?

ሻጩ ይህን ቢሰማ «ምግብ አብዝተህ ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አዎ፣ አብዝቻለሁ። ግን ወንድሜ፣ አንተ «ራሱን ያጸዳል» ስትለኝ ማን ይቆጥባል? «ትሉንም ያመጣኸው አንተ ነህ» ትለኝ ይሆናል። ይህም ልክ ነው። ከጣና ዳር የለቀምኩትን የውሃ ተክል ለብቻው ሳላቆይ ነው የጨመርኩት፤ ቀንድ አውጣም ተከትሎት ገብቷል። ያመጣሁትስ እኔ ነኝ፣ ቤት የሰጠው ግን የአንተ ሳህን ነው።

የጎረቤቴ የእትዬ ድንጋጤ ግን ከትሉ በላይ አሳሰበኝ። «ይሄ ቢልሃርዚያ እንዳይሆን ልጄ!» አሉኝ። ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የቢልሃርዚያ ትልም ከጠፍጣፋ ትሎች ወገን ነው። አድጎ የሚኖረው ግን በሰው የደም ሥር ውስጥ ነው። ወደ ሰው የሚገባው ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ጥቃቅን እጭ እንጂ እንዲህ መስታወት ላይ የሚሄደው ትል አይደለም። ፕላናሪያ ሰውን አይነካም። ቀንድ አውጣው ግን ቀልድ የለውም። እትዬን አመስግኜ ቀንድ አውጣውን በሙሉ በጓንት ለቅሜ አስወገድኩ። ከሐይቁ ምንም አላመጣም፣ እናንተም ተዉት።

ትሎቹን መጀመሪያ በምላጭ እየቆረጥኩ ነበር የምፍቃቸው። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው። ይህ ፍጥረት ሲቆረጥ አይሞትም፣ ይባዛል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቶማስ ሃንት ሞርጋን ከመቶ ዓመት በፊት ፕላናሪያን እየቆራረጠ አጥንቷል፤ ከትሉ 1/279 የምታህል ቁራጭ እንኳ ሙሉ ትል ልትሆን እንደምትችል ጽፏል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መስታወቱ ነጭ ሆነ።

ከዚያ ወጥመድ ሠራሁ። ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጋለ መርፌ በስቼ ጥሬ ጉበት ከተትኩበትና ማታ አስተኛሁት። ጠዋት በደርዘን የሚቆጠር ትል ይዞ ይወጣል። ደስ ይላል፣ ግን አያልቅም። በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪም አማክሬ ለበግ የሚሰጠውን ፌንቤንዳዞል የተባለ የትል መድኃኒት በጥቂቱ መዝኜ፣ ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለማይሟሟ በደንብ በጥብጬ ጨመርኩ። ዓሣዎቹ ምንም አልሆኑም። ትሎቹ በሦስተኛው ቀን መርገፍ ጀመሩ። የሞተው ትል በስብሶ ውሃውን እንዳይመርዝ በጎማ እየሳብኩ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ። እንቁላላቸው ግን ከመድኃኒቱ ይተርፋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደገምኩት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ዓሣዎቹን ወደ ባልዲ አዛውሬ ሳህኑን አነሣሁት። ከስሩ የወጣው ጥቁር አተላ ሽታው ሁለት ቀን ከቤት አልወጣም። ሰባት ወር ሙሉ ዓሣዎቼ የኖሩት በዚያ ላይ ነው። ስመለከተው አንጀቴ ተላወሰ።

አሁን በዚያው ፓምፕ የሚሠራ ተራ ስፖንጅ ማጣሪያ አስገብቻለሁ። በሳምንት አንዴ ከአኳሪየሙ በቀዳሁት ውሃ እጨምቀዋለሁ። ጠጠሩን ቀንሼ በአንድ ጣት ውፍረት አስቀረሁት፤ ምግብ በሁለት ደቂቃ የሚያልቀውን ብቻ እሰጣለሁ። ሰኔ ከገባ ወዲህ ሌሊት ባትሪ እያበራሁ አየዋለሁ፤ አንድም ትል የለም። ትናንት ዓሣዎቹ እንደገና እንቁላል ጥለዋል።

መስታወቱን አልጸጸትበትም፣ ፓምፑንም አልጸጸትበትም። እናንተም ይህን ዓይነት ዕቃ ግዙ። ሻጩ «ከነሳህኑ ነው የሚሸጠው» ካላችሁ ዋጋውን ክፈሉና ሳህኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ትታችሁት ውጡ።