ያረረ ድስትና ባር ኪፐርስ ፍሬንድ፦ ከወራት በኋላ

ዶሮ ወጥ የሚሠራ ሰው የስቴይንለስ ድስትን ጠባይ ያውቀዋል። ሽንኩርቱ ዘይት ሳይገባበት ሲቁላላ የድስቱ ሥር ቡናማ ይይዛል። በርበሬው ሲጨመር ቡናማው ይጠቁራል። ወጡ ያምራል፣ ድስቱ ግን በሳሙና ብቻ አይለቅም።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቤታችን ወጥ አይጠፋም፣ ድስቶቼም ሁሉም ስቴይንለስ ናቸው። ከበጋ ጀምሮ የምጠቀመው ባር ኪፐርስ ፍሬንድ የሚባለውን የዕቃ ማጽጃ ዱቄት ነው። እዚህ አገር ሱፐርማርኬት ሁሉ አለ፣ ዋጋውም ጥቂት ዶላር ነው። አንዱ ዕቃ ደግሞ ቶሎ አያልቅም፣ ምክንያቱም በየቀኑ የሚነካ ነገር አይደለም።

ምርቱ አሮጌ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1882 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ጆርጅ ዊልያም ሆፍማን የሚባል ኬሚስት ነው የጀመረው። ሩባርብ የሚባለውን ጎምዛዛ ተክል ሲቀቅል ድስቱ ጠርቶ አገኘው ይባላል። ድስቱን ያጠራው በተክሉ ውስጥ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ነው። ዱቄቱም ዋና ሥራውን የሚሠራው በዚሁ አሲድ ነው። ከአሲዱ ጋር የሚፈገፍግ የማዕድን ዱቄትና ሳሙና ተቀላቅሏል። አሲዱ ዝገትንና የውሃ ኖራን ይፈታል፣ የማዕድን ዱቄቱ ያረረውን ይፍቃል፣ ሳሙናው ቅባቱን ያነሳል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ድስቱን አርጥቡ፣ ትንሽ ነስንሱበት፣ ሊጥ ነገር እስኪሆን በስፖንጅ እሹት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ታጠቡት። አሲድ ስለሆነ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይ። ብዙ ሰው ነስንሶ ትቶት ይሄዳል፣ «ይዋል፣ ይብላው» እያለ። ብረቱንም ይበላዋል እኮ!

ወፍራም ሆኖ ላረረ ድስት ግን ዱቄቱን በቀጥታ መነስነስ ብክነት ነው። መጀመሪያ ውሃና ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አፍልቼ አቀዘቅዘዋለሁ። ከዚያ በእንጨት ማማሰያ እገፋዋለሁ፣ አብዛኛው ተነስቶ ይወጣል። ዱቄቱ የሚገባው ለቀረው ጥላ ነው። እንዲህ ሲሠራ የቁሌት ድስት ሥሩ አዲስ ይመስላል። ለእኔ የምርቱ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የሚያስደስተኝ ቀስተ ደመና የሚመስለውን ቀለም ማጥፋቱ ነው። ባዶ ድስት ብዙ ሲግል ሰማያዊና ወርቃማ ይሆናል። ቆሻሻ አይደለም። ስቴይንለስ እንዳይዝግ የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው የክሮምየም ኦክሳይድ ስስ ልባስ ነው፤ ሙቀት ልባሱን ያወፍረዋል፣ ብርሃንም ቀለም ያወጣበታል። ዱቄቱ በአንድ ማሸት ያጠፋዋል። ለዚህ ብቻ ከሆነ ግን አትግዙት፣ አቼቶም ይበቃል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ለሚቀረው ነጭ የውሃ ኖራም አቼቶና ውሃ አፍልቶ መድፋት ይሻላል፣ መፈግፈግ አያስፈልግም።

ስለ አቼቶ ከተነሳ አይቀር፦ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ ደባልቆ አረፋውን ማየት በየቪዲዮው ሞልቷል። አረፋው ያምራል፣ ሥራ ግን የለውም። አንዱ አሲድ ነው፣ አንዱ ተቃራኒው፤ ሲገናኙ ይጠፋፋሉና የሚቀረው ጨው ያለበት ውሃ ነው ማለት ይቻላል። በየተራ ተጠቀሙባቸው።

አሁን ወደማይሠራው። በድስቱ ውጪ፣ በተለይ እጀታው በተበየደበት አካባቢ ዘይት ተጋግሮ ቢጫ ቫርኒሽ ከሆነ፣ ዱቄቱ ያቀለዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። እኔ ትቼዋለሁ፣ ወጡን አይነካውም። ትንንሽ ጉድጓድ የመሰሉ ነጠብጣቦችን ደግሞ ማንም ዱቄት አይመልሳቸውም። እነሱ የሚመጡት ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጨው ሲጨመር ነው፤ ጨው ሥሩ ላይ ሳይሟሟ ይቀመጥና ብረቱን ይወጋዋል። ፓስታ ስትቀቅሉ ውሃው ሲፈላ ጨምሩ።

መስታወት መስሎ የሚያበራ ላይም ተጠንቀቁ። ዱቄቱ ይፈገፍጋልና በኃይል ከታሸ ያደበዝዘዋል። የሚያበራውን በጣት ጫፍ ቀስ ብዬ ነው የምነካው። የተቦረሸ፣ መስመር ያለው ስቴይንለስ ከሆነ መስመሩን ተከትላችሁ እሹ፣ አታቋርጡት። የብረት ሽቦ ግን ለሁለቱም አይሆንም። ይቧጭራል፣ የሚቀረው የብረት ቅንጣትም ይዝጋል፤ ከዚያ «ስቴይንለሱ ዛገ» ይባላል።

የበረኪና ነገር ለብቻው መነገር አለበት። የእኛ ሰው ሲንኩን በበረኪና ካልደፈቀው የጸዳ አይመስለውም። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን የስቴይንለስ ጠላት ነው፣ ሲንክ ውስጥ አሳድሮ ነጠብጣብ ያወጣበታል። ከዚህ ዱቄት ጋር ከተገናኘ ደግሞ የብረቱ ጉዳይ ይቀርና የሰው ጉዳይ ይሆናል። አሲድና በረኪና መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። በረኪና ስትጠቀሙ የነበራችሁበት ሲንክ ላይ በደንብ ሳታጥቡ ዱቄቱን አትነስንሱ። ከልጆች እጅ ማራቁን አልነግራችሁም።

እጅም ያደርቃል። ጓንት አድርጉ። ስትነሰንሱ ቀስ በሉ፣ ብናኙ አፍንጫ ይገባል። በፈሳሽ መልክ የሚሸጠው ለዚህ ይሻላል፣ ላረረ ድስት ግን እኔ ዱቄቱን እመርጣለሁ።

እብነ በረድና ግራናይት ላይ፣ ብር ዕቃ ላይ አይነካ። ብረት መጥበሻ ላይም ለወራት የያዘውን ቅባት ያወልቀዋል።

ፍሪጁንም ተዉት። የብዙ ፍሪጅ በር የጣት አሻራ እንዳይይዝ ልባስ ተደርጎበታል፣ ዱቄቱ ልባሱን ይገፈዋል። «ለስቴይንለስ» ተብለው የሚሸጡት ስፕሬዮች ብዙዎቹ ዘይት ናቸው። ያበራሉ፣ ግን አቧራ ይሰበስባሉ፣ በሁለተኛው ቀን የልጅ እጅ ይታይባቸዋል። በቤቴ የፍሪጁ በር የሚጸዳው ለብ ባለ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ተደርጎ በለስላሳ ጨርቅ ነው፣ ከዚያ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ። ነጠብጣብ የሚያመጣው በላዩ የሚደርቀው ውሃ ነውና ያ ደረቅ ጨርቅ ከስፕሬዩ የበለጠ ያበራዋል። ድስቱንም ሲንኩ ዳር ደፍቼ ከማደርቅ እንዲሁ እጠርገዋለሁ፣ ዱቄቱንም የማወጣው ሲያር ብቻ ሆኗል።