ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን፦ ቀጥታ በረራ ወይስ ትራንዚት?

በቦሌና በዋሽንግተኑ ዱለስ አየር ማረፊያ መካከል ያለው አጭሩ የአየር መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፍራንክፈርት በኩል ሲኬድ ርቀቱ ወደ 11,900፣ በኢስታንቡል ወደ 12,100 ከፍ ይላል፤ አውሮፓ በመንገድ ላይ ያለች ያህል ስለሆነች ጭማሪው ትንሽ ነው። ዱባይ ግን ሌላ ነገር ናት። ከዱባይ እስከ ዋሽንግተን ብቻ 11,350 ኪሎ ሜትር ያህል ስላለ፣ መንገደኛው አራት ሰዓት ገደማ ወደ ምሥራቅ ከበረረ በኋላም ወደ መድረሻው የቀረበው በጥቂቱ ነው፤ ቀጣዩ በረራ ደግሞ 14 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል።

በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ የሚጓዝ ሰው መሄዱና መመለሱ እኩል እንዳልሆነ ማወቅ ይኖርበታል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲሄድ በመንገድ ላይ ለነዳጅ የማረፍ ልማድ አለው፤ ነፋሱም ከፊት ስለሚመጣ ጉዞው 16 ወይም 17 ሰዓት ይደርሳል። ከዱለስ ሲመለስ ግን ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋል፣ የሚነሳበት ሜዳም ዝቅተኛ ነው፤ ያለ ማረፊያ በ13 ሰዓት አካባቢ ቦሌ ይገባል።

እንግዲህ በመመለሻው ቀጥታውን የሚወዳደር የለም። በመሄጃው ግን ልዩነቱ ይጠብባል፦ በፍራንክፈርት ወይም በኢስታንቡል በአየር ላይ የሚቆየው ጊዜ 16 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ የሚወስነው በመካከል ያለው ቆይታ ነው። ሁለትና ሦስት ሰዓት ከሆነ፣ ዋጋውም ከቀነሰ፣ ለወጣት መንገደኛ ትራንዚቱን እመርጣለሁ፤ አሥር ሰዓት ወንበር ላይ የሚያስተኛ ርካሽ ትኬት ግን ርካሽ አይደለም። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ብቻቸውን ለሚሄዱ እናት ወይም አባት፣ የነዳጅ ማረፊያውም ቢኖር፣ አውሮፕላን መቀየር የሌለበትና አስተናጋጆቹ አማርኛ የሚናገሩበት ቀጥታው ይሻላል። ዱባይን የምመክረው እግረ መንገዱን እዚያ ጉዳይ ላለው ሰው ነው።

በፍራንክፈርት ለማለፍ የሚያስብ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ፣ ከአየር ማረፊያው ባይወጣም የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ግን ከዚህ ነጻ ነው። ሁለቱን በረራዎች በተለያየ ትኬት መግዛትም አይመከርም፤ የመጀመሪያው ከዘገየ ሁለተኛው አየር መንገድ አይጠብቅም፣ ሻንጣውም እስከ መጨረሻው ላይላክ ይችላል።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየከተማው ስለሆነ ማስላት ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። 22:30፣ ማለትም ምሽት 4፡30፣ ተነስቶ በማግስቱ 08:00 ይደርሳል የተባለ በረራ የዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል፤ በእነርሱ በጋ ግን 16 ሰዓት ተኩል ነው።