ፒካምቢያ 1301፦ ዘዴን ለመፈተን የሚታመን ፕላዝሚድ

በዕፅዋት ላይ ዘረ-መል የማስገባት ሥራ ሳይሳካ ሲቀር ጥፋቱ የት እንዳለ ማወቅ ወራት ይፈጃል። ዘረ-መሉን ወደ ተክሉ የሚያጓጉዘው ባክቴሪያ፣ አግሮባክቴሪየም፣ ሴሉ ጋ አልደረሰም? ደርሶ ቲ-ዲኤንኤውን (ወደ ተክሉ የሚያሻግረውን የዲኤንኤ ቁራጭ) ሳያስተላልፍ ቀረ? ወይስ ዘረ-መሉ የገባበት ሴል ወደ ቡቃያ ማደግ አቃተው? ፒካምቢያ 1301 የተባለው ፕላዝሚድ (ዘረ-መል የሚሸከም የዲኤንኤ ቀለበት) እነዚህን ጥያቄዎች ለያይቶ ስለሚመልስ፣ አዲስ ሰብል ወይም አዲስ ዘዴ የሚሞክር ላብራቶሪ ከሌሎች ቬክተሮች (ዘረ-መል ተሸካሚዎች) በፊት ሊይዘው ይገባል እንላለን። የራስን ዘረ-መል ለመሸከም ግን ሁልጊዜ ምርጡ አይደለም።

የፕላዝሚዱ ዋና ሀብት ጉስ የተባለው አመላካች ዘረ-መል ነው፤ ኢንዛይሙ ኤክስ-ግሉክ የተባለውን ማቅለሚያ ወደ ሰማያዊ ይለውጣል። ሪቻርድ ጄፈርሰን ይህን የኢ. ኮላይ ኢንዛይም ከባልደረቦቹ ጋር ለዕፅዋት ጥናት አብቅቶ በ1987 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም፣ ጽሑፉ ሳይወጣ ገና ለሌሎች ላብራቶሪዎች ማደል ጀምሮ ነበር። በኋላ አውስትራሊያ ውስጥ የመሠረተው ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ካምቢያም እነዚህን ቬክተሮች ያሠራጨው በዚሁ መንፈስ ነው። አንድ ተመራማሪ መሣሪያውን ሳይሰስት ሲያካፍል የስንቱን ሥራ እንደሚያቀና ከዚህ ማየት ይቻላል።

በ1301 ውስጥ ያለው ጉስ ከጉሎ የተወሰደ የካታሌዝ ኢንትሮን (ኢንዛይሙ ከመሠራቱ በፊት ተቆርጦ መውጣት ያለበት ክፍል) ተሰክቶበታል። አግሮባክቴሪየም ኢንትሮን ቆርጦ ማውጣት ስለማይችል ኢንዛይሙን አይሠራም፤ የተክል ሴል ግን ይሠራል። ስለዚህ ሰማያዊ ነጥብ ሲታይ ዘረ-መሉ በተክሉ ሴል ውስጥ መሥራቱን እንጂ ቅጠሉ ላይ የተጣበቀ ባክቴሪያ መኖሩን አያመለክትም። ኢንትሮን የሌለው ጉስ ይህን ዋስትና አይሰጥም።

ርዝመቱ 11.8 ኪሎቤዝ ገደማ ነው። በኢ. ኮላይም በአግሮባክቴሪየምም የሚመረጠው በካናማይሲን (ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት) ሲሆን በሊትር 50 ሚሊግራም ይበቃል። በኢ. ኮላይ ውስጥ ቅጂው ብዙ ስላልሆነ ጥቂት ባክቴሪያ አሳድጎ ብዙ ዲኤንኤ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚያድገውን ባክቴሪያ መጠን ከፍ ማድረግ ይሻላል። ትልቁ ወጥመድ የባክቴሪያ ዝርያ ምርጫ ላይ ነው። ኢኤችኤ 101 የተባለው የአግሮባክቴሪየም ዝርያ ራሱ ካናማይሲንን ስለሚቋቋም ፕላዝሚዱ ገባ አልገባ መለየት አይቻልም፤ ፕላዝሚድ ያልገባበት ባክቴሪያ ሁሉ ሳህኑ ላይ ይበቅላል። በምትኩ ኢኤችኤ 105ን፣ ኤልቢኤ 4404ን ወይም ጂቪ 3101ን ተጠቀሙ።

ባክቴሪያውና ተክሉ አብረው የሚቆዩበት ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን ነው፤ ሙቀቱ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤች ከ5.2 እስከ 5.6፣ አሴቶሲሪንጎን (ባክቴሪያው ቲ-ዲኤንኤ እንዲያስተላልፍ የሚያነሳሳ ውህድ) ከ100 እስከ 200 ማይክሮሞላር። ብዙ ሰው ባክቴሪያውን ባሳደገበት የ28 ዲግሪ ማሞቂያ ውስጥ ሳህኖቹንም ይከታል። ባክቴሪያው እዚያ ደህና ይበቅላል፣ ቲ-ዲኤንኤ የማስተላለፍ አቅሙ ግን ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ በእጅጉ ይወድቃል።

ማቅለሚያው 1 ሚሊሞላር ኤክስ-ግሉክ፣ 50 ሚሊሞላር ፎስፌት ፒኤች 7.0፣ 0.1 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100፣ እንዲሁም ፖታሲየም ፌሪሲያናይድና ፌሮሲያናይድ እያንዳንዳቸው 0.5 ሚሊሞላር ይይዛል። ሁለቱ ሲያናይዶች ቀለሙ ከሴሉ ወጥቶ ወደ ጎረቤት እንዳይፈስ ያግዛሉ። ኤክስ-ግሉክ ውሃ ውስጥ በደንብ ስለማይሟሟ መጀመሪያ በዲኤምኤስኦ ይሟሟል። ለጥቂት ደቂቃ በቫኪዩም አስገቡት፣ በ37 ዲግሪ አሳድሩት፣ ክሎሮፊሉን በ70 በመቶ ኢታኖል እጠቡት። ዘረ-መል ያልገባበት ቁራጭ ጎን ለጎን በዚሁ ማቅለሚያ ካልተፈተነ ውጤቱ ዋጋ የለውም፤ አንዳንድ ተክሎች የራሳቸው ተመሳሳይ ኢንዛይም አላቸውና። እንዲህ ያለው ቀለም ካስቸገረ 20 በመቶ ሜታኖል መጨመር ይቀንሰዋል። የቀለመ ህብረ-ሕዋስ ይሞታል፤ ስለዚህ ከቡቃያው የቅጠል ጫፍ ብቻ ይወሰድ።

ያልተለወጠ ሴልን የሚገድለውን ሃይግሮማይሲን የተባለ መድኃኒት መቋቋሚያው ዘረ-መል በቲ-ዲኤንኤው ግራ ጠርዝ አጠገብ መቀመጡ ብልህ ንድፍ ነው። ቲ-ዲኤንኤ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚገባ መምረጫው መጨረሻ ይደርሳል፤ የተረፈው ቡቃያ ከፊቱ ያለውንም ይዞ የመገኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። የሃይግሮማይሲኑን መጠን ከሌላ ሰው ጽሑፍ አትቅዱ። ለሩዝ ካለስ (ገና ቅርጽ ላልያዘ የሴል ክምችት) በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም፣ ለአራቢዶፕሲስ (ለጥናት ለሚውል ትንሽ ተክል) ከ15 እስከ 25 ሚሊግራም የተለመደ ቢሆንም፣ ዘረ-መል ያልገባበትን ህብረ-ሕዋስ በ0፣ 5፣ 10፣ 20፣ 30 እና 50 ላይ አስቀምጣችሁ ሁሉንም የሚገድለውን ትንሹን መጠን ምረጡ። ሚዲያው (ህብረ-ሕዋሱ የሚያድግበት ምግብ) በአውቶክሌቭ ተቀቅሎ ወደ 55 ዲግሪ ሳይቀዘቅዝ መድኃኒቱ አይጨመር። ካለሱ ትልቅ ከሆነ ሚዲያውን ያልነካው ክፍል ከመድኃኒቱ ያመልጣል፣ ያልተለወጠ ቡቃያም ከዚያ ይወጣል።

የማንወደው ነገር አለ። የሃይግሮማይሲኑን ዘረ-መል የሚመራው ባለ ድርብ ማጎልበቻ የ35ኤስ ፕሮሞተር (ዘረ-መልን የሚያስነሳ ቅደም ተከተል) ጎረቤቱን አያስቀምጥም፤ በሥር ብቻ ወይም በአበባ ብቻ የሚሠራ ፕሮሞተር አጠገቡ ስታስገቡ ጉሱ ቅጠሉ ላይም ሊታይ ይችላል። የፕሮሞተር ጥናት የሚሠራ ሰው በዚህ ተሳስቶ ሊደመድም ይችላል፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ መምረጫው በሌላ ፕሮሞተር የሚመራ ቬክተር ይሻላል። ጉሱንም የሚመራው 35ኤስ ስለሆነ፣ የራሳችሁንም ዘረ-መል በ35ኤስ ብታስነዱ ያው ቅደም ተከተል ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፣ ዘረ-መሉ ሥራውን የማቆም አደጋውም ይጨምራል። ሌላው፣ ኤክስሆ 1 የተባለው ቆራጭ ኢንዛይም የሃይግሮማይሲኑን ዘረ-መል ቆርጦ ስለሚያወጣ ለማስገቢያ አትምረጡት፤ ኢኮአር 1 እና ሂንድ 3 ያሉበት የማስገቢያ ክፍል ግን ለመደበኛ ሥራ ይበቃል።

ቡቃያው ሥር ካወጣ በኋላ የሚደረግ ፒሲአር (ዘረ-መሉን አባዝቶ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ብቻውን አይታመን። አግሮባክቴሪየም ሴፎታክሲም በተባለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት በሊትር ከ250 እስከ 500 ሚሊግራም ቢታፈንም በህብረ-ሕዋሱ ውስጥ ለወራት ሊደበቅ ይችላል፣ የሃይግሮማይሲን ዘረ-መሉንም ያው ፕላዝሚድ ይሰጠዋል። ከቲ-ዲኤንኤው ውጭ ያለውን የካናማይሲን ዘረ-መል በሌላ ጥንድ ፕራይመር (ፒሲአሩ የሚነሳባቸው አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ፈትሹ፦ ከታየ ወይ ባክቴሪያው አለ፣ ወይ ግራው ጠርዝ ታልፎ ትርፍ ዲኤንኤ ገብቷል። ሁለቱን ለመለየት የባክቴሪያውን ክሮሞሶም ዘረ-መል ጨምሩበት፤ ዘር የሚሰጥ ተክል ከሆነ ደግሞ በራሱ የተዳቀለውን ዘር ሃይግሮማይሲን ባለበት ሚዲያ ላይ አብቅሉ፤ ከ4 ችግኝ 3ቱ ገደማ ከተረፉ ዘረ-መሉ በአንድ ቦታ ገብቷል።