ኤስ ኬ ኤስ ወይስ በልጅግ? ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ ለሚመርጥ ሰው

ጠመንጃ ሊገዛ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ይፈጥናል?» ብሎ ነው። እኔ ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ማን ነው የሚወለውለው? ለዚህ መልስ ያለው ሰው ራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃ ቢይዝ ይጠቀምበታል። መልስ የሌለው በእጅ የሚቀባበለውን ቢይዝ ይሻለዋል።

ለንጽጽር ሁለት መርጫለሁ። አንደኛው ኤስ ኬ ኤስ ነው። ሰርጌይ ሲሞኖቭ የነደፈው፣ ሶቪየቶች በ1945 እ.ኤ.አ. ያወጡት መሣሪያ። ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩስና ቀጣዩን ራሱ ይጎርሳል። ሁለተኛው የቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የሠራው፣ በእጅ የሚቀባበለው ማውዘር ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ለኢትዮጵያ ጦር የተገዛ፣ ሽማግሌዎቻችን «በልጅግ» የሚሉት። ስለ አሜሪካው ኤም ዋንና ስለ ድሮው ምንሽርም ጥቂት እላለሁ።

ብር ከመቁጠር በፊት

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መግዛት፣ መሸጥም ሆነ መያዝ ወንጀል ነው። የትኛው ዓይነት ለግለሰብ እንደሚፈቀድ የሚወስነው ፈቃድ ሰጪው አካል ነው እንጂ ሻጩ አይደለም። ሻጭ «ይኼ ችግር የለውም» ቢል ቃሉ ወረቀት አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ጠይቁ፣ ከዚያ ምረጡ፣ ክፍያ በመጨረሻ ይምጣ።

አደን ደግሞ ሌላ ፈቃድ ነው። የዱር እንስሳት ሕግ የሚገዛው ጉዳይ ነው። የመሣሪያ ፈቃድ ኪስ ውስጥ ስላለ ብቻ ድኩላ አይታደንም። ከርከሮና ዝንጀሮ በቆሎውን ከጨረሱትም መጀመሪያ ለወረዳው ማመልከት ነው።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጎጃም ካለችበት ሁኔታ አንፃር መሣሪያ ይዞ መንገድ መውጣት በራሱ ለሕይወት የሚያሰጋበት ጊዜ አለ። ወረቀቱ የተሟላለት ሰውም ቤቱ አስቀምጦት ቢወጣ የሚሻልበት ቀን ብዙ ነው።

ሁለቱ ሥራ ላይ

የበልጅጉ አሠራር ግልጽ ነው። መቀርቀሪያውን ወደ ላይ አንስታችሁ ወደ ኋላ ስትስቡት ቀለሁ ይወጣል። ወደ ፊት ስትገፉት አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ጉልበቱ የሚመጣው ከእጃችሁ ነው። ትንሽ ቆሻሻ ቢገባበት እጅ ያሸንፈዋል። ካዝናው 5 ጥይት ይይዛል።

ኤስ ኬ ኤስ ጉልበቱን የሚያገኘው ከባሩዱ ጋዝ ነው። አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ ሲሄድ ከጋዙ ጥቂቱ በትንሽ ቀዳዳ ከላይ ወዳለው ቱቦ ይገባል። እዚያ ፒስተን የሚባለውን ዘንግ ይገፋል። ፒስተኑ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ይወረውረዋል፣ ሞላው ደግሞ ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል። ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል፣ ከመሣሪያው ጋር የተያያዘ ነው፣ ከላይ በክሊፕ፣ ማለትም ጥይቶቹን አሰልፎ በሚይዝ ትንሽ ብረት፣ ይሞላል።

የኤስ ኬ ኤስ ትልቁ ምቾት ትከሻ ላይ ነው። ጥይቱ አነስ ያለ ነው፣ ከግፊቱም ከፊሉን ፒስተኑና ሞላው ይቀበሉታል። በልጅግ ግን ሲመታ ይሰማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተኩስ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመታ በኋላ ቃታ ሊስብ ሲል ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል፣ ያ ሰው ደግሞ ዒላማ አይመታም። በክብደት ግን አታወዳድሯቸው። ኤስ ኬ ኤስ 3.85 ኪሎ ገደማ ነው፣ አጭሩ ማውዘርም ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ፍጥነቱስ? እውነት ለመናገር አደን ላይ ያን ያህል ዋጋ አይሰጠውም። ከርከሮ የመጀመሪያውን ድምፅ እንደሰማ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ጥይት የሚሄደው በግምት ነው። በግምት የተተኮሰ ጥይት ደግሞ ከብት ይዞ የወጣ እረኛ ሊያገኝ ይችላል። ፍጥነቱ የሚታየው ሠርግ ላይ ነው፣ 10 ጥይት በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ግን ተመልሶ ይወርዳል። ሙሽራውም ሚዜውም ይህን ቢያስቡት ደግ ነበር።

ክረምቱ የሚለያቸው ቦታ

ከድሮ የጦር ሠራዊት ጥይቶች ብዙዎቹ፣ በተለይ የምሥራቁ ጎራ ፋብሪካዎች የሠሯቸው፣ ካፕሱላቸው ውስጥ፣ ማለትም መርፌው የሚመታው ማቀጣጠያ ውስጥ፣ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ኬሚካል አለበት። ሲተኮስ ወደ ጨው ይለወጣል። ጨዉ በአፈሙዙ ውስጥ በዓይን በማይታይ ስስ ሽፋን ይቀራል፣ ከአየሩም እርጥበት ይስባል። የእንጅባራንና የዳንግላን የነሐሴ አየር ጨምሩበት። ማታ ደህና የነበረ አፈሙዝ በማግስቱ ቀይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዘይት ቀብቶ ይተወዋል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ ከሥሩ ይዞት ይቀመጣል እንጂ። ጨው የሚያሟሟው ውኃ ነው። ትኩስ የሳሙና ውኃ በአፈሙዙ ውስጥ ማሳለፍ፣ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ በደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ መወልወል፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ በስሱ ዘይት መቀባት። ጠመንጃ በውኃ ይታጠባል ሲባል የሚደነግጥ ሰው አለ። የሚጎዳው ሳይደርቅ መተው ነው እንጂ መታጠቡ አይደለም።

በልጅግ ላይ ይህ ሥራ አጭር ነው። በግራ በኩል ያለችውን መያዣ ወደ ጎን ሳብ ስታደርጉ መቀርቀሪያው ተስቦ ይወጣል። አፈሙዙ ከኋላ እስከ ፊት ክፍት ቱቦ ሆኖ ይቀራል። የመቀርቀሪያውን ፊት፣ የጥይት መጉረሻውንና አፈሙዙን ካጸዳችሁ አለቀ። የካዝናው የታች ክዳን እንኳ በጥይት ጫፍ ተጭኖ ይከፈታል፣ ሌላ መፍቻ አይፈልግም።

ኤስ ኬ ኤስ ላይ ጨዉ የሄደበት ሁሉ መሄድ አለባችሁ። አፈሙዙ፣ የጋዙ ቀዳዳ፣ ቱቦው፣ ፒስተኑ፣ የመቀርቀሪያው ፊት። የብዙዎቹ ኤስ ኬ ኤሶች አፈሙዝ ውስጡ ክሮም የለበሰ ስለሆነ ዝገት ይቋቋማል። በዚህ የሚዘናጋ ሰው ቱቦውን ይረሳዋል። ከዚያ ፒስተኑ ዝጎ ይጣበቃል፣ ራሱ የሚያቀባብለው ጠመንጃም አንድ ተኩሶ ይቆማል። ቱቦውና ፒስተኑ ታጥበው ከደረቁ በኋላ ዘይት አይቀቡም። እዚያ የገባ ዘይት በእሳቱ ይቃጠልና ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። ደግነቱ የመወልወያ ዘንጉ ከአፈሙዙ ሥር ተያይዞ ይመጣል፣ የማጽጃ ዕቃውም ሰደፉ ውስጥ ቦታ አለው። ስትገዙ ሁለቱም መኖራቸውን እዩ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የመምቻው መርፌ ነው። የአብዛኞቹ ኤስ ኬ ኤሶች መርፌ የሚመልሰው ሞላ የለውም። መቀርቀሪያው ውስጥ ልቅ ሆኖ ወዲያና ወዲህ ይላል። ቅባት ደርቆበት ወይም ዝጎ ወደ ፊት ተቀርቅሮ ከቀረ፣ መቀርቀሪያው በተዘጋ ቁጥር ማንም ቃታ ሳይነካ ጥይቱን ይመታዋል። ካዝናው ባዶ እስኪሆን ሊቀጥልም ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። መቀርቀሪያውን አውጥታችሁ ከጆሯችሁ አጠገብ ወዝውዙት። መርፌው ቀጭ ቀጭ ካለ ነፃ ነው። ዝም ካለ ተፈትቶ፣ በላምባ ታጥቦ፣ ደርቆ እስኪመለስ ጥይት እንዳታጎርሱበት። የበልጅግ መርፌ ግን ልቅ አይደለም፤ ጠንካራ ሞላ የሚገፋው ሆኖ ቃታው እስኪሳብ ወደ ኋላ ተይዞ ስለሚቆይ ይህ ጣጣ የለበትም።

በምን ይቀባ?

ቤት ያለውን ቅባት ሁሉ መሞከር ልማድ ነው። የኑግ ዘይት ለወጥ ነው። ኑግ አየር ላይ ሲቆይ እየወፈረ እንደ ሙጫ የሚይዝ ዘይት ነው። ለኤስ ኬ ኤስ መርፌ ከዚህ የከፋ ጠላት የለም። ቅቤም ውኃ አለው፣ ይሻግታል፣ ብረት ይበላል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ውስጡ አሲድና የብረት ብናኝ አለ።

የሚሻለው የስፌት መኪና ዘይት ነው። ቀጭን ነው፣ አይደርቅም፣ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። እሱ ከጠፋ ያልተሠራበት የሞተር ዘይት በስሱ። የደረቀ ቅባትና ጥላሸት ለማንሳት ላምባ ጥሩ ነው፣ ግን ከምድጃና ከኩራዝ ርቃችሁ። ደጀን አልፎ ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ደግሞ ዘይቱን ይቀንስ። አቧራው ከዘይት ጋር ተለውሶ ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ጮቄ ላይ የሚኖረው ደግሞ ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲያስገባው ብረቱ ላብ ያወጣል። ወዲያው ይጥረገው።

ጥይቱ

የኤስ ኬ ኤስ ጥይት 7.62 በ39 ነው (የአረሩ ውፍረትና የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር)፣ ከክላሹ ጋር አንድ። አረሩ 8 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ሲወጣ በሰከንድ 735 ሜትር ያህል ይሄዳል። የማውዘሩ 7.92 በ57 ነው፣ ከባዱ አረር 12.8 ግራም ይደርሳል። ጉልበቱም ርቀቱም የበልጅግ ነው። ግን እስከ 150 ሜትር ባለው፣ ማለትም አብዛኛው አደን በሚካሄድበት ርቀት፣ ኤስ ኬ ኤስ ለድኩላ ያህል አውሬ አያንስም።

ሁለቱም ላይ የወታደር ጥይት ለአደን አይመከርም። ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነ አረር ሳይሰፋ በስቶ ያልፋል። አውሬው ቆስሎ ይሮጣል፣ ጥይቱም ከኋላው ወዳለው ይቀጥላል። ለአደን የተሠራው ጫፉ ለስላሳ የሆነው ነው።

የበልጅግ ችግር ዕድሜ ነው። ጥይቱ ብዙውን ጊዜ አሮጌ ነው። አንገቱ የተሰነጠቀ፣ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ቀለህ አይተኮስም። ቃታ ተስቦ ዝም ካለም ወዲያው አትክፈቱት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አድርጋችሁ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ጠብቁ። የዘገየ ባሩድ በእጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

በልጅግ ላይ የመቀርቀሪያው ቁጥርና የገላው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። መቀርቀሪያ ከሌላ ጠመንጃ ተወስዶ የተገጠመ ከሆነ ጥይቱን አጥብቆ ላይዘጋ ይችላል፣ ያ ደግሞ ፊት ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ቁጥር ተፍቆ ካያችሁት ግን ዋጋ አትጠይቁ፣ ጥላችሁት ሂዱ። መቀርቀሪያውን አውጥታችሁ በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ብርሃን እዩ። ጠመዝማዛው መስመር ጥርት ብሎ መታየት አለበት።

ኤስ ኬ ኤስ ከኋላው የተዘጋ ስለሆነ እንደዚያ አይታይም። ነጭ ወረቀት መጉረሻው አጠገብ አድርጋችሁ ከአፈሙዙ ጫፍ በኩል ተመልከቱ። ከዚያ ቱቦውን አስፈቱ። ሻጩ «ይኼ አይፈታም» ካለ፣ ዝገት አጣብቆታል ማለት ነው። ቱቦና ፒስተን ተበላሽቶ የተገዛ ኤስ ኬ ኤስ መለዋወጫ ፍለጋው ከግዢው ይብሳል።

ኤም ዋን ከአሜሪካ በዕርዳታ የመጣ ነው። ራሱ ያቀባብላል፣ 8 ጥይት በክሊፕ ይጎርሳል፣ 4.3 ኪሎ ገደማ ይከብዳል። ጎበዝ ጠመንጃ ነው፣ ግን ክሊፑ ከሌለ እንደ ልቡ አይሠራም። ለእሱ ከተሠራው በላይ የሚገፋ ጥይት ከጎረሰም ረጅሙ የማቀባበያ ዘንጉ ይጣመማል። ምንሽርም የክሊፕ ጥገኛ ነው፣ ካዝናው ከሥር ክፍት ስለሆነ ጭቃ ይገባዋል፣ 6.5 ጥይቱም ብርቅ ነው። የአያት ቅርስ ሆኖ ፈቃድ ካለው ይቀመጥ፣ አዲስ ገዢ ግን አይመኘው። ለአደን ተብለው የሚሠሩት አዳዲሶቹ፣ እንደ ብራውኒንግ ባር ያሉት፣ ውበታቸው አያጠያይቅም። የሚጠግናቸው ባለሙያ ቅርብ ለሌለው ሰው ግን አልመክራቸውም።

ቤት ውስጥ

ከምድጃው በላይ ግድግዳ ላይ መስቀል የተለመደ ነው። ጢሱ ግን ጥላሸትና እርጥበት ያለብሰዋል። በቆዳ ማኅደር ተጠቅልሎ ክረምቱን የከረመም ዝጎ ይገኛል፣ ቆዳው እርጥበት ይይዛልና። ደረቅ ሣጥን፣ ቁልፍ ያለው፣ ልጅ የማይደርስበት። ጥይቱ ሌላ ቦታ።

በልጅግ እዚህም ይቀላል። መቀርቀሪያውን አውጥቶ ለብቻው መቆለፍ አፍታ አይፈጅም፣ ያለ እሱ ደግሞ ጠመንጃው ዱላ ነው። ከኋላ ያለችው ክንፍ መሳይ መቆለፊያም መርፌውን ራሱን ትይዛለች። የኤስ ኬ ኤስ መቆለፊያ የሚይዘው ቃታውን ብቻ ነው። ስለዚህ ኤስ ኬ ኤስ ያለው ሰው መቆለፊያውን አምኖ ጥይት ጎርሶ አያሳድር። ከሜዳ ሲመለስ ደጃፍ ላይ ካዝናውን ያራግፍ፣ መቀርቀሪያውን ስቦ መጉረሻውን በዓይኑም በጣቱም ይፈትሽ፣ ከዚያ ወደ ቤት ይግባ።