ወናፍና ትንፋሽ፦ 14 ወር ከጀማሪ ኮንሰርቲናዬ ጋር

መጀመሪያ የገዛኋት ኮንሰርቲና (በወናፍ የምትሠራ፣ ባለ ቁልፍ ትንሽ የሙዚቃ ሳጥን) የተሳሳተች ነበረች። ባለ 20 ቁልፍ፣ ቀይ፣ ሲያዩዋት ዓይን ውስጥ የምትገባ። ሻጩ «ለጀማሪ ትበቃለች» አለኝ፤ አመንኩት። ሦስት ሳምንት ከለፋሁ በኋላ አንድ ኖታ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ሲ ሻርፕ። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ጣቶቼን ስወቅስ ሰነበትኩ። ለካ ኖታው ጭራሽ እሷ ላይ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ በብዛት በዲ እና በጂ ስኬል (የኖታ መሰላል) ነው የሚጫወተው። ባለ 20 ቁልፏ ሁለት ረድፍ ብቻ ነው ያላት፤ አንዱ የሲ፣ ሌላው የጂ። ለዲ ኤፍ ሻርፕና ሲ ሻርፕ ያስፈልጋሉ። ኤፍ ሻርፕ ከጂው ረድፍ ይገኛል። ሲ ሻርፕ ግን ሦስተኛ ረድፍ ይፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ 30 ቁልፍ ያላት ታስፈልጋለች። ይህቺን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር 60 ዩሮ ይተርፈኝ ነበር። ሱቁ መልሶ ሲወስዳት የቆረጠብኝ ነው። ስሙን አልጠራም።

አሁን የምገመግመው ሁለተኛዋን ነው። አንግሎ የሚባለው ዓይነት፣ ባለ 30 ቁልፍ፣ ሲ/ጂ፣ አዲስ፣ በ450 ዩሮ። 14 ወር ሆነን። ከስድስት ወር በኋላ የፕላስቲክ ፍሉት ጨመርኩ፤ ወደሱ በኋላ እመለሳለሁ። የምኖረው በምዕራብ አየርላንድ፣ ክሌር ካውንቲ፣ ኤኒስ ከተማ ነው። የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ ልምምዴ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጎረቤቶቼ ሥራ ላይ ሲሆኑ። ለሁላችንም የሚሻለው ይሄ ነው።

ክሌር ውስጥ ኮንሰርቲና ይዞ መሄድ ጎንደር ውስጥ ማሲንቆ ይዞ እንደመሄድ ነው። ሁሉም ሰው አስተያየት አለው። አውቶቡስ ላይ ሳጥኗን አይቶ «የማን ሥሪት ናት?» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ድሮ በየገጠር ቤቱ ትገኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚጫወቷት ሴቶች ነበሩ። ከሁሉም ስማቸው የሚነሳው ኤልዛቤት ክሮቲ ናቸው (እ.ኤ.አ. 1885–1960)፤ ኪልረሽ ከተማ ውስጥ መጠጥ ቤት ነበራቸው። እዚህ ሰው ዛሬም «ወይዘሮ ክሮቲ» እያለ ነው በአክብሮት የሚጠራቸው።

ለማያውቃት፦ ኮንሰርቲና ባለ ስድስት ማዕዘን ትንሽ ሳጥን ናት። መሃሏ ወናፍ ነው፣ ግራና ቀኟ ላይ ቁልፎች አሉ። በእንግሊዝ ቻርልስ ዊትስቶን፣ በጀርመን ደግሞ የኬምኒትዙ ካርል ኡህሊግ (እ.ኤ.አ. በ1834) በየራሳቸው መንገድ ነው የሠሯት። እንግሊዛዊቷ አንድ ቁልፍ ሲገፉትም ሲስቡትም ያው አንድ ድምፅ ትሰጣለች። አንግሎ የምትባለው የጀርመኗ ዘር ናት፤ ሲገፉት አንድ ኖታ፣ ሲስቡት ሌላ። አርሞኒካ የነፋ ሰው ቶሎ ይገባዋል። እኔ አልነፋሁም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተናደድኩ።

እናቴ በስልክ ስትሰማኝ «ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ ሲጢጥ ሲጢጥ የሚለው? በሩን ዘይት ቀባው እንጂ» አለችኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ዝም ብዬ ስነካካ የሚገርም ነገር አገኘሁ። ግራ እጅ፣ መካከለኛው ረድፍ፣ ተከታታይ ሦስት ቁልፎች። የመጀመሪያው ሲገፋ ሲ፣ ሲሳብ ዲ። ሁለተኛው ሲገፋ ኢ። ሦስተኛው ሲገፋ ጂ፣ ሲሳብ ኤ። ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ትዝታ እኮ ነው! በሦስት ቁልፍ ብቻ፣ ቀኝ እጅ ምንም ሳይሠራ። በሚቀጥለው እሑድ ለእናቴ ደወልኩና ያንኑ አሰማኋት። ስለ በሩ አላነሳችም። «በል ድገመው» አለች።

የአየርላንድ ዜማዎችም ብዙዎቹ ወደ አምስት ኖታ የሚያደሉ ናቸው። ጆሮዬ ቶሎ የለመዳቸው በዚህ ይመስለኛል። ጣቴ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ወናፏ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ነበረች። በጣም ደረቅ። ሦስት ወር ያህል ከእሷ ጋር ትግል ነው የገጠምኩት፤ ማታ ትከሻዬን ያመኝ ነበር። በአምስተኛው ወር ግን ላላች፤ አሁን ደህና ናት። የማይለወጠው ፍጥነቷ ነው። ጂግ የሚባለው የጭፈራ ዜማ (አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት እያለ የሚሄደው) ያለ ችግር ይወጣል። ፖልካም እንዲሁ። ሪል ግን በአራት በአራት እየተንደረደረ የሚሄድ ነው፤ እዚያ ላይ ቁልፎቹ ጠለቅ ብለው ስለሚጫኑ ጣቴ ሲደርስ ዜማው ቀድሞ ሄዷል። ስድስት ወር የኔ ድክመት ነው ብዬ ነበር። በኋላ አስተማሪዬ የራሷን ውድ ኮንሰርቲና ለአምስት ደቂቃ አስያዘችኝ። ያው ሪል፣ ያው ጣት፣ ወጣልኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ አላወቅኩም ነበር።

ልዩነቱ ውስጧ ነው። በርካሾቹ ውስጥ ያለው የአኮርዲዮን ምላስ (አየር ሲነካት ተንቀጥቅጣ ድምፅ የምታወጣው ስስ ብረት) ነው፤ ከአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ በሪቬት የተመታ። በውዶቹ ውስጥ እያንዳንዱ የብረት ምላስ በራሱ የናስ ማቀፊያ ይቀመጥና እንጨቱ ውስጥ ለሱ በተቆረጠ ቦታ ይገባል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ቶሎም ይነሳል። በእጅ የተሠሩት ከ2,000 ዩሮ በላይ ናቸው፤ ወረፋቸውም በዓመታት ነው የሚቆጠረው። የኔዋ ድምፅ ግን መጥፎ አይደለም። ትንሽ ወፍራም ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ጥሩ ሲዘፍን እንደማለት።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። የሦስተኛው ረድፍ አደራደር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዊትስቶን የሚባል አለ፣ ጄፍሪስ የሚባል አለ። ሲ ሻርፕ በሁለቱ ላይ የሚገኝበት ይለያያል። የኔዋ ዊትስቶን ናት፣ አስተማሪዬ የምታስተምረው ጄፍሪስ። ስለዚህ ሁልጊዜ «አንተ ግን እዚህ ጋ ግፋ» የሚል ልዩ መመሪያ አለኝ። ከመግዛታችሁ በፊት የሚያስተምራችሁን ሰው ጠይቁ።

ብልሽት? ሁለት ጊዜ። በአምስተኛው ወር የቀኝ እጅ አንድ ቁልፍ ተጣብቆ አልነሳ አለ። በዘጠነኛው ወር አንድ ኖታ በሳብ በኩል ድምፁ ጠፋ። ሁለቱንም ራሴ አስተካከልኩ። ጫፏ ላይ ስድስት ብሎን አለ፤ ቀስ ብሎ መፍታት ነው። ለቁልፉ፣ ከቦታው የወጣችውን ሽቦ መመለስ በቃ። ለኖታው፣ ምላሱ ሥር የገባች የአቧራ ብናኝ ነበረች። ወረቀት በሥሩ አሳለፍኩና ወጣች። ፎቶ ሳታነሱ ምንም እንዳትፈቱ፤ እኔ አላነሳሁም፣ አንድ ብሎን ዛሬም ተርፎ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ፍሉቱ። የአየርላንድ ፍሉት በኦርኬስትራ የምናየው የብር ፍሉት አይደለም። እንጨት ነው፣ ስድስት ቀዳዳ፣ በዲ። ጀርመናዊው ቴዎባልድ ቦም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አዲሱን ፍሉት ሲያመጣ፣ የኦርኬስትራ ሰዎች አሮጌውን ጣሉት። በርካሽ ተሸጠ፤ የገጠር ተጫዋቾች እጅ ገባ። ዛሬ ምርጦቹ የሚሠሩት ከአፍሪካ ጥቁር እንጨት ነው። ይህ ዛፍ እኛም አገር በቆላው ይበቅላል፤ ሳውቅ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። የኔው ግን ፕላስቲክ ነው፣ 280 ዩሮ። አይሰነጠቅም፣ ዘይት አይፈልግም፣ ቦርሳ ውስጥ ይወረወራል። ስለሱ ቅሬታ የለኝም ማለት ይቻላል።

ልጅ ሆኜ ዋሽንት ነፍቻለሁ። ስለዚህ ፍሉት ቀላል ይሆናል ብዬ ገመትኩ። አልሆነም። ዋሽንት ወደ ታች ተይዞ ጫፉ ላይ ነው የሚነፋው፤ ይሄ ደግሞ ወደ ጎን ነው፣ ከንፈር ሌላ ቅርፅ ይዞ። የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ነፋስ ብቻ ነበር። ራሴ ዞረ፤ ሁለቴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ግን ያስታውሱ ነበር፤ ቀዳዳ መክደን አልረሱም።

ትልቁ ጥቅሙ ያልጠበቅኩት ነው። ፍሉት ሲነፉ መተንፈስ ግድ ነው። ለመተንፈስ ደግሞ አንድ ኖታ ይጣላል። ጥሩ ተጫዋቾች የትኛውን እንደሚጥሉ ያውቃሉ፤ ዜማው የሚያርፈው እዚያ ነው። እኔ ኮንሰርቲናዬን ሳላርፍ ነበር የምጫወተው። ሳንባ የላት፣ ለምን አርፋለሁ? ውጤቱ ነጥብ እንደሌለው ደብዳቤ ነበር። ከዚህም በላይ ወናፏ መሃል ላይ ያልቅብኝ ነበር፤ ተዘግታ ደርቃ፣ ወይም እጄ እስኪንቀጠቀጥ ተለጥጣ።

ለዚህ ነው በቀኝ አውራ ጣት በኩል ያለችው የአየር ቁልፍ የተሠራችው። ስትጫን ድምፅ አታወጣም፤ አየር ብቻ ታስገባለች ወይም ታስወጣለች። ስድስት ወር ረስቻት ነበር። ፍሉት ከጀመርኩ በኋላ፣ በፍሉት የምተነፍስበት ቦታ ላይ እሷን መንካት ጀመርኩ። ሌላም ገባኝ። ቢ እና ከፍ ያለው ዲ ሲገፋም ሲሳብም ይገኛሉ፣ በተለያየ ረድፍ። የትኛውን እንደምትመርጥ የሚወስነው ወናፏ የት እንደደረሰች ነው። ኮንሰርቲና የጀመረልኝ ያኔ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ሴሽን ላይ ስለመጫወት በአጭሩ። ሴሽን ማለት ፐብ ውስጥ ሰዎች ክብ ሠርተው ያለ ወረቀት የሚጫወቱበት ነው። የማያውቁትን ዜማ መነካካት ነውር ነው። ዝም ብሎ መስማት ግን ነውር የለውም፤ አምስት ወር እንዲሁ ተቀምጫለሁ። ምሥራቅ ክሌር ቀስ ብለው ነው የሚጫወቱት፤ ይሄ ለኔ ኮንሰርቲና ትልቅ ዕድል ነው። በሐምሌ ሚልታውን ማልቤይ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የሚካሄደው የዊሊ ክላንሲ የሙዚቃ ሳምንት ላይ ሄጄ ነበር። በየጥጉ ሪል። ሁለት ጂግ አብሬ ተጫወትኩ፣ በሪሉ ቢራዬን ያዝኩ።

ዛሬ ብጀምር ምን አደርጋለሁ? መጀመሪያ እከራያለሁ። እዚህ ኮንሰርቲና በወር የሚያከራዩ አሉ፤ እኔ ዘግይቼ ነው የሰማሁት። መግዛት ግድ ከሆነ ይህቺን ዓይነት፣ ግን ያገለገለች። ገንዘባችሁ አንድ ነገር ብቻ የሚችል ከሆነ ደግሞ ፕላስቲኩ ፍሉት ይሻላል፤ እያደጋችሁ ስትሄዱ ወደ ኋላ አይጎትታችሁም። ኮንሰርቲናዋ ከዓመት በኋላ ትጎትታለች። ለ450 ዩሮ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አስተምራኛለች፤ አልቆጭም።

አንድ ሠሪ ዘንድ ወረፋ ይዣለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል አለኝ። እስከዚያ ይህቺው ናት። የግራ እጅ ጠፍሯ ስለረዘመብኝ ባለፈው ሳምንት በሚስማር አንድ ቀዳዳ ጨመርኩበት፤ ትንሽ ተጣመመ፣ ግን ይይዛል።