«3 ቀን 2 ሌሊት» ሲሏችሁ ሰዓቱን ቁጠሩ

ኬንያ ሄዳችሁ የዱር አራዊት ልታዩ ያሰባችሁ፣ በተለይ ፓኬጁን በቴሌግራም የምትገዙ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

«ማሳይ ማራ፣ 3 ቀን 2 ሌሊት፣ ሁሉም የተካተተበት» የሚል ማስታወቂያ ሞልቷል። ዋጋው ያጓጓል። ጉዱ ያለው «3 ቀን» የምትለዋ ላይ ነው። ለአክስቴ ልጅ የተላከላትን ፕሮግራም ቁጭ ብለን በሰዓት ከፋፈልነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከናይሮቢ መነሳት። ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል የሚታይበት ቦታ ላይ «የፎቶ እረፍት»፣ ማለትም የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ። ናሮክ ላይ ምሳ። መንገዱ ብቻውን 5 ወይም 6 ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ሻንጣ አስቀምጦ ፓርክ ለመግባት 10 ሰዓት ይሆናል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ መውጣት ግድ ነው። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ተበልቶ ወደ ናይሮቢ። አንበሳ የሚፈለግበት ሙሉ ቀን አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረው አስፋልት ነው።

አስፋልቱም ባልከፋ፣ የመግቢያው ነገር ባይኖር። ከ2024 ወዲህ ማራ የውጭ ጎብኚ አዋቂን በቀን 100 ዶላር ያስከፍላል፤ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ደግሞ 200። ቲኬቱ የሚሠራው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። 10 ሰዓት ላይ ብትገቡም የሙሉ ቀኑን ትከፍላላችሁ። ለዚህ ነው አንዳንዱ «ሁሉም የተካተተበት» ፓኬጅ የአንድ ቀን መግቢያ ብቻ ይዞ የሚመጣው። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ስትደርሱ «መግባት ከፈለጋችሁ ጨምሩ» ትባላላችሁ። የስንት ቀን መግቢያ እንደተከፈለላችሁ በጽሑፍ አስፍሩ።

«ሐበሻ ስለሆናችሁ በምሥራቅ አፍሪካ ዜጋ ዋጋ አስገባችኋለሁ» የሚል ደላላም አለ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም፤ ያ ዋጋ እኛን አይመለከትም። በሩ ላይ ፓስፖርት ሲጠየቅ ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ዊልድቢስቶቹ (በትልልቅ መንጋ የሚሰደዱት ቀንዳም የዱር እንስሳት) ማራ ወንዝን ሲሻገሩ «በሁለተኛው ቀን ታያላችሁ» ብሎ ቃል የሚገባውንም አትመኑት። መንጋው ማራ የሚገኘው በአብዛኛው ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ነው። ወቅቱ ሆኖም ቢሆን ዳር ላይ ተኮልኩሎ ለሰዓታት ወንዙን ሲያይ ይቆይና ዞሮ ሊሄድ ይችላል። አዞውም ይጠብቃል፣ እናንተም ትጠብቃላችሁ። አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ይሄ ሎተሪ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «6 ቀን፣ 4 ፓርክ» የሚባለው ነው። ማራ፣ ናኩሩ፣ ናይቫሻ፣ አምቦሴሊ። ካርታውን ክፈቱት። አምቦሴሊ ደቡብ ጫፍ ታንዛኒያ ድንበር ላይ፣ ኪሊማንጃሮ ሥር ነው። ከናኩሩ ተነስቶ እዚያ መድረስ ቀኑን ይበላዋል። እንደኔ ከሆነ ለማራ ብቻ ቢያንስ 3 ሌሊት ስጡ፤ ሁለት ሙሉ ቀን ይኖራችኋል። ስድስት ቀን ካላችሁ አምቦሴሊን በ2 ሌሊት ጨምሩና ሌላውን ተዉት። ማደሪያው ከፓርኩ በር ምን ያህል እንደሚርቅም ጠይቁ፤ «ማራ ውስጥ» የተባለው ካምፕ ውጭ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሚኒባስ ከሆነ ደግሞ ስንት ሰው እንደሚጫን፣ ለሁሉም መስኮት እንደሚደርስ አረጋግጡ።

ጊዜ ከሌላችሁ ማራን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ እዚያው ከከተማው ጥግ ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። አንበሳ፣ አውራሪስ፣ ጎሽ፣ ቀጭኔ አለው። ዝሆን የለውም። ለእሱ እዚያው አጠገብ ያለውን የሼልድሪክ የሙት ልጅ ዝሆኖች ማሳደጊያ ጎብኙ፤ ለሕዝብ የሚከፈተው ከረፋዱ 5 እስከ 6 ሰዓት ስለሆነ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ።